በቀን አንድ ገጽ

ሰውየው መዝገበ ቃላት ያዘጋጃል። ለወሬ የማይመች ሥራ ነው። "ምን ትሠራለህ?" ሲሉት "የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ እፈታለሁ" ካለ፣ ጠያቂው "አሃ" ብሎ ስለ ዝናቡ ማንሳቱ አይቀርም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ አሳታሚ ድርጅት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አልዘጋ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ቃሉን በካርድ ላይ፣ ትርጉሙን ከቃሉ ሥር፣ ምሳሌውን ከትርጉሙ ሥር ሲደረድር ኖሯል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች "ሊቁ" ይሉታል። ግማሹ ለአክብሮት ነው፤ ግማሹ ለፌዝ።

ታላቅ ወንድሙ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አባታቸው ሲሞት ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ለታናሹ አስረክቦ ሥራ ገባና፣ ከዚያ ወዲህ ከመሪው አልተለየም። ጓደኞቹ "ቀስ በቀስ" የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው ለማለት። አንድ ጊዜ ሞተሩ ጭስ መትፋት ጀምሮ ተሳፋሪው በመስኮት ሊዘል ሲራኮት፣ እሱ ዳር ይዞ አቆመ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ በሮቹን ከፈተ፤ "ልጅ የያዛችሁ ቅደሙ" አለ። ሁሉም ወርደው ካለቁ በኋላ መነጽሩን ከነማኅደሩ አንስቶ፣ ወንበሩ ላይ የተረሳ የሴት ጃንጥላ ይዞ ወረደ። ጃንጥላውን ለባለቤቷ እስኪያስረክብ ድረስም ስለ እሳቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

መዝገበ ቃላቱ ታትሞ የወጣ ጊዜ ሊቁ የመጀመሪያውን ቅጂ ለወንድሙ ይዞለት ሄደ። ስድስት መቶ ስልሳ ገጽ ነው። ሾፌሩ በመዳፉ መዘነው።

"ታሪክ አለው?"

"ታሪክ እንኳ የለውም፣ ወንድም ጋሼ። አንድ ቃል ሲቸግርህ እየገለጥክ የምታየው ነው።"

"አንተ የለፋህበትን እየገለጥኩ ልተወው? ከመጀመሪያው ነው የማነበው።"

ያለውን አደረገ። የአውቶቡሱ መስመር መጨረሻ ላይ፣ ወደ መሀል ከተማ ከመመለሱ በፊት፣ የአሥራ አንድ ደቂቃ ፋታ አለው። በዚያች ፋታ መጽሐፉን መሪው ላይ ዘርግቶ፣ ከመስመሩ ሥር የልጁን ማስመሪያ እያንፏቀቀ፣ በቀን አንድ ገጽ ያነባል። እንግሊዝኛው ባይገባው አማርኛው አለለት። እሁድ እሁድ ሊቁ ለምሳ ሲመጣ ሪፖርት ያቀርባል፤ "ኤፍን ጨረስኩ"፣ "ኤን ላይ ያለው ነዝናዛ ጎረቤትህ አይደለም?"፣ "ሚስትህን ግትር አስብለሃት ዝም አለችህ?" እያለ።

ወንድም ወንድሙን እንዲህ ሲያከብረው የማይደሰት ማን ነው? ሊቁ ግን በየእሁዱ ምሳው አልወርድ ይለው ነበር። ወንድሙ ወዴት እያመራ እንደሆነ ያውቃላ። ገጽ አራት መቶ ዘጠኝ ላይ ምን እንደተጻፈ ያውቃል፤ ራሱ ነው የጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመዝገበ ቃላት ክፍሉን የምትመራው ሴት "ቀይ እስክሪብቶ" ትባላለች፤ ከዚያ እስክሪብቶ ያመለጠ ሰው የለም። እሷ ያመጣችው አንድ ሕግ አለ፤ ምሳሌ አይፈጠርም። "እሱ በግ አለው፣ እሷ ቤት አላት እየተባለ የሚጻፍ መዝገበ ቃላት ሬሳ ነው" ትላለች። እያንዳንዱ ምሳሌ አዘጋጁ በዓይኑ ያየው፣ በጆሮው የሰማው መሆን አለበት፤ ካርዱ ጥግ ላይም "አይቻለሁ" ብሎ ይፈርማል። ከኤል እስከ አር ያለው የሊቁ ድርሻ ስለነበር፣ የሚያውቀው ሁሉ ያለ ስም እዚያ ውስጥ ገብቷል። ሚስቱ፣ የሚስቱ እናት፣ የጎረቤቱ ነዝናዛነት፣ በረንዳው ላይ የምትተኛው የጎረቤቱ ድመት ሳትቀር። ሚስቱ በኦ ፊደል ራሷን ያገኘች ዕለት ለአንድ ሳምንት አላናገረችውም፤ ግትር መባሏን በዚያው አረጋገጠችለት።

የሾፌሩ ትልቋ ልጅ ይህን ሕግ ትወደው ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አጎቷ ቢሮ እየመጣች ካርዶቹን በፊደል ተራ ትደረድርለታለች፤ በላስቲክ እያሰረች ሣጥን ውስጥ ትከታለች።

"አጎቴ፣ ድመቷ እንኳ አለች። እኔ የታለሁ?" አለችው አንድ ቀን።

"ላንቺ የሚሆን ቃል ሲመጣ።"

"የቱ ቃል?"

"አልነግርሽም። ሲታተም ፈልገሽ ታገኚዋለሽ።"

በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሞተች። ሰኞ ዕለት አሞኛል አለች፤ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀበሯት።

ቀብሩ ላይ ሊቁ ከማንም በላይ አለቀሰ። ሁለት ሰው ደግፎት ነው የቆመው። እንባው እንባውን እያመጣ፣ በመሀል ቀና ሲል ወንድሙን አየው። ሾፌሩ ሚስቱን በአንድ ክንዱ ይዟታል፤ በሌላው እጁ፣ ሰው የጫነ አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ "ና፣ ና፣ በቃ፣ አቁም" እያለ ያሳየዋል። ዓይኑ ደረቅ ነው። ከቀብር መልስም ደረቅ፤ በማግስቱም ደረቅ። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ሊቁ ይህን ሲያይ አንድ ነገር ውስጡ ሻከረ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሐዘን ብቻ አልነበረም። እሱ አጎት ሆኖ እንዲህ ሲፈርስ አባት ቀጥ ብሎ መቆሙ፣ የእሱን እንባ ትርፍ አስመሰለበት። ሰው በለቅሶ ቦታም ይፎካከራል፤ አይወራም እንጂ።

ከሦስት ወር በኋላ ሥራው ፒ ፊደል ላይ ደረሰና ፍሌግማቲክ የሚለው ቃል እጁ ገባ።

ቃሉ የጠባይ ስም ነው። የጥንት ሐኪሞች የሰውን ጠባይ ከውስጡ ፈሳሽ ይቀዱት ነበር። ደም የበዛበት ደስተኛ፣ ቢጫ ሐሞት የበዛበት ቁጡ፣ ጥቁር ሐሞት የበዛበት ትካዜ የማይለየው፣ አክታ የበዛበት ደግሞ ቀዝቃዛና ዝግተኛ ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። ይህኛው የአክታው ሰው ነው። እኛም ለመሳቅ አፍ የለንም፤ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ሐሞተ ቢስ፣ ልበ ደንዳና እያልን ጠባይን ከሆድ ዕቃ ስናወጣ ነው የኖርነው። እንግሊዞች ቃሉን ሲጠቀሙበት እንደ ተናጋሪው ነው። ማዕበል ውስጥ ያልደነገጠ የመርከብ አዛዥ ሲባልበት ምስጋና ነው፤ ሚስት ስለ ባሏ ስትለው ግን "ምነው ግድግዳ ባገባሁ" እንደማለት ይሆናል። ሊቁ መነሻውን ሲቆፍር ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አገኘ። አክታ የሚለው ስም ራሱ፣ በጥንቱ ግሪክ፣ መቃጠል ከሚል ግሥ የወጣ ነው። መጀመሪያ የእሳትና የትኩሳት ቃል ነበር፤ ኋላ ነው የቀዝቃዛው ስም የሆነው። ይህን በአንድ መስመር ካርዱ ላይ አሰፈረ። ከሥሩ ምሳሌውን ጻፈ፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም።

"ታላቅ ወንድሜ በቀላሉ የማይነካ ሰው ነው፤ በገዛ ልጁ ቀብር ላይ እንኳ እንባ አልወጣውም።"

ቀይ እስክሪብቶ ካርዱን ሁለቴ አነበበችው።

"ይሄ የታየ ነው?"

"አይቻለሁ።"

"አንድ መስመር ይበዛል። ለተማሪ ነው፤ ወይ መነሻው ይውጣ ወይ ምሳሌው ይጠር። አንተ ምረጥ።"

እሱ መረጠ። መቃጠል የሚለውን መስመር በእጁ ሰረዘው። ምሳሌው ምንም ሳይነካ ቀረ፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው ብሎ አስቦ ነበር። ሳይዋሹ ለሚጽፉ ሰዎች የተዘጋጀ ወጥመድ ነው ይሄ፤ እውነት ስለሆነ ብቻ መጻፍ ያለበት ይመስላቸዋል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የሊቁ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ወጊው ነው እንቅልፍ ያጣው። ወንድሙ መጽሐፉን ከኤ ጀምሮ ማንበብ ከጀመረበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት ሙሉ ሲቆጥር ከረመ። የፈሩት ይደርሳል፤ አንድ እሁድ ሾፌሩ እጁን እየታጠበ "ሦስት መቶ ሰባ አንድ ደረስኩ፤ ኦ እያለቀ ነው" አለው። ሊቁ በጣቱ ቆጠረ። በሳምንት ስድስት ገጽ፤ ስድስት ሳምንት ከምናምን።

ያን ዕለት ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ መነጽር ያደረገ፣ በሦስተኛ ፎቅ የተከበረ ሰው ምን ሠራ? ወንድሙ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል መጽሐፉን ከጓዳው መደርደሪያ ላይ አነሳ፤ ልብሱ ሥር ሸጉጦ ሽንት ቤት ገባ፤ በሩን ቆለፈ። ከመስታወቱ ሥር የወንድሙን የጢም ምላጭ አንስቶ ገጽ አራት መቶ ዘጠኝን ከሥሩ ቆረጠ። ሲቸኩል ጫፉ ትንሽ ተቀደደ። ገጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሰው እንዳይጠረጥር የውኃውን መልቀቂያ ሳበ፤ ሽንት ቤቱን ሳይጠቀምበት። ሲወጣ የወንድሙ ትንሿ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

"አጎቴ፣ አሞሃል እንዴ? ላብህ።"

"ሆዴን ነው" አላት። ይህኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

ቀጥሎ ሁለተኛው እትም መጣ። ቀይ እስክሪብቶ የእርማት ወረቀት ስታዞር ሊቁ ከሁሉም ቀድሞ ሞላ። "ገጽ 409፣ ምሳሌው ይቀየር" ብሎ በቦታው ስለ መርከብ አዛዥ ጻፈ። መርከብ አይቶ አያውቅም። ሆኖም "አይቻለሁ" ብሎ ፈረመ። ከወንድሙ ቅጂም፣ ከሚመጣውም እትም ኃጢአቱን ነቅሎ ያወጣ መስሎት ለጥቂት ቀን ቀለል አለው።

ሾፌሩ ፒን አለፈ። ኪውን አለፈ። ከሦስት ወር በኋላ አንድ እሁድ "አር ገባሁ" አለ፤ ሌላ ምንም አላለም። ገጽ ጎደለ የሚል ነገር የለም። ሊቁ ደስ ሊለው ሲገባ ይባስ ብሎ ከበደው። በቀን አንድ ገጽ ማስመሪያ ይዞ የሚያነብ ሰው፣ ከአራት መቶ ስምንት ወደ አራት መቶ አሥራ አንድ ሲዘል እንዴት አያስተውልም? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ለማን ሆነና! ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ቢሮውን ጥሎ ወጣ፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ እስከ መስመሩ መጨረሻ ሄደ።

የወንድሙ አውቶቡስ ባዶውን ቆሟል። ሾፌሩ መነጽሩን አድርጎ መሪው ላይ አቀርቅሯል። ወንድሙን ሲያይ በሩን ከፈተለት።

"ና፣ ግባ። ስምንት ደቂቃ አለኝ። ምነው በሰላም?"

ሊቁ አልተቀመጠም። የታጠፈውን ገጽ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት።

"ወንድም ጋሼ፣ ይሄን ከመጽሐፍህ ላይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ምላጬን ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ትተኸው ነበር" አለ ሾፌሩ። ገጹን አልተቀበለውም። መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጠና ሌላ ነገር አሳየው። በተቆረጠው ቦታ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ፊደሉ ክብ ክብ ያለ፣ የተማሪ እጅ ጽሑፍ ነው። "ትንሿ ከትምህርት ቤታቸው መጽሐፍ ላይ ገለበጠችልኝ። እኔ እንደሆንኩ ገጽ ጎድሎት አላነብም።"

ሊቁ ጎንበስ ብሎ አየ። አንዱንም ቃል አልዘለለችም። ፍሌግማቲክ የሚለውንም፣ ትርጉሙንም፣ ከሥሩ ያለውንም ዓረፍተ ነገር፣ የእህቷን ቀብር ጨምራ፣ አስተካክላ ጽፋዋለች።

"ይሄንንም እሷ ናት የጻፈችው?"

"እዚህ ጋ ስትደርስ 'አባ፣ ልዝለለው?' አለችኝ። አጎትሽ የጻፈውን አትዝለይ አልኳት። ድሮም ያሳየችኝ እሷ ናት፤ መጽሐፉ የወጣ ሰሞን።"

"ያኔ? አንድ ዓመት ከምናምን ሙሉ አውቀህ ዝም አልከኝ? ምነው ብትሰድበኝ!"

"ምን ብዬ? አልዋሸህም እኮ። አላለቀስኩም።" ሾፌሩ መነጽሩን አወለቀ። "እናቷ ሁለቴ ራሷን ሳተች። እኔም ብወድቅ ማን ያነሳናል ብዬ ያዝ አደረግኩት። ኋላ ደግሞ ሁሉም ሲበርድ ላልቅስ ብል ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሆድ ይፍጀው ነው።"

ሊቁ ያን ጊዜ ነው የሰረዘው የመቃጠሉ መስመር ትዝ ያለው። ሃያ ሁለት ዓመት ቃል ሲለቅም ኖሮ፣ ወንድሙ ያለ ካርድ ያለ እስክሪብቶ የሚያውቀውን እሱ በእጁ ይዞት ነበር፤ በእጁም አጥፍቶታል። አፈረ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

"ይቅር በለኝ፣ ወንድም ጋሼ።"

"እሺ" አለ ሾፌሩ፤ መንገድ ጠይቆ ላመሰገነው ሰው እንደሚመልስ።

"ግን… ይሄን ካወቅክ በኋላ ለምን ታነበዋለህ? ለምን አትጥለውም?"

ሾፌሩ በጥያቄው ተገረመ።

"እሷን እየፈለግኩ ነዋ።"

"ማንን?"

"ትልቋን። አንተ ረስተኸው ይሆናል። አንድ ቀን ከቢሮህ ስትመጣ እየዘለለች ነው የገባችው። 'አባ፣ አጎቴ መጽሐፉ ውስጥ ያስገባኛል፤ የት እንደሆነ ግን አልነገረኝም፤ ሲታተም ፈልጌ ነው የማገኘው' አለችኝ። እንግዲህ እሷ አልደረሰችበትም፤ እኔ እየፈለግኩላት ነው።" በጣቱ ትንሿ የጻፈችውን ወረቀት ነካ። "ይሄኛውማ እሷ አይደለችም። ይሄኛው እኔ ነኝ።"

ሊቁ የወንበሩን ብረት ያዘ። ስድስት መቶ ስልሳውን ገጽ ለእርማት ሦስት ጊዜ አንብቦታል፤ የራሱንም የሰውንም ድርሻ። ድመቷ አለች። ጎረቤቱ አለ። ልጅቱ የለችም። በአርም፣ በኤስም፣ እስከ ዜድም የለችም። ሁለተኛው እትም ሲመጣም አንድ ባዶ መስመር እጁ ላይ ነበረች፤ እሷን ማስገባት ትዝ ሳይለው፣ አይቶት በማያውቀው መርከብ ሞልቶ ፈርሞባታል። ማተሚያ ቤት ከገባ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

"እስካሁን አላገኘኋትም። ግን ገና ነው፤ ኤስ አለ፣ ቲ አለ፣ ደብሊው አለ" አለ ሾፌሩ። "እኔ ሳላያት ካለፈችኝም ሁለተኛ እትም ይወጣል ብለሃል፤ እሱን ደግሞ እንደገና እጀምረዋለሁ።"

ተሳፋሪዎች መግባት ጀመሩ። አንዲት ሴት ከነዘንቢሏ ስትወጣ ሾፌሩ ዘንቢሉን ተቀብሎ አስቀመጠላት። ማስመሪያውን ያቆመበት ገጽ ውስጥ አስገብቶ መጽሐፉን ዘጋ።

"ወንድም ጋሼ" አለ ሊቁ። "ልጅቱ…"

"ተው" አለው ሾፌሩ፤ ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ። "የት ገጽ ላይ እንዳለች እንዳትነግረኝ። ራሴ ላግኛት።"

ሞተሩን አስነሳና መስታወቱን አይቶ ቀስ ብሎ ወጣ።